የጉሬዛው ባለቤት ማነው? ስለ ኢሉባቦር ጫካ፣ ስለ ቆቦና ስለሚመጣው ቱሪስት

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፌስቡካችን በሶር ፏፏቴ ፎቶ ይጥለቀለቃል። ደስ ይላል። ከመቱ ወጥታችሁ፣ በበቾ በኩል ጫካውን ሰንጥቃችሁ፣ ያ ውሃ ከገደሉ ሲወረወር ቆሞ ማየት የዕድሜ ልክ ትዝታ ነው። ከፎቶዎቹ ሥር ግን ሁሌም አንድ ዓይነት አስተያየት አነባለሁ፦ «ይሄን የመሰለ ሀብት ሳይታወቅ!» «ማንም ያልነካው ጫካ!» ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የኢሉባቦር ጫካ ያልታወቀበት ዘመን የለም። ያልተነካም አይደለም። ብዙ እጅ ነክቶታል፣ ብዙ እጅም ወስዶለታል። አሁን ደግሞ «ኢኮ ቱሪዝም» የሚባል አዲስ እጅ እየመጣ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት የቀደሙትን እናውቃቸው።

ከጎሬ እንጀምር። ዛሬ በመቱ አውቶብስ መናኸሪያ «ጎሬ፣ ጎሬ!» ሲባል የምትሰሙት ጸጥ ያለ ከተማ፣ በራስ ተሰማ ናደው ዘመን የምዕራቡ የአገራችን ክፍል ዋና በር ነበር። ግንቦት 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ይላል። በኋላ ቦታው ጋምቤላ ላይ ሆነ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም እየመጡ ጨውና አቡጀዲ ያራግፋሉ፤ ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ ጭነው ይመለሳሉ። ከጎሬ በቡሬ ወደ ቆላው የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የዚያ ዘመን አስፋልት ነበር በሉት። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሶርያዊውም ጎሬ ላይ ሱቅ ከፍቷል። የእንግሊዝ ቆንስል እንኳ ነበራት። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ መንግሥት ለጥቂት ወራት መቀመጫውን እዚያ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ያንን የጭነት ዝርዝር መልሳችሁ እዩት። ሰም የንብ ነው። ጥርስ የዝሆን ነው። ቆዳው የቤት ከብትም የዱር አውሬም ነው። ቡናውም ቢሆን በብዛት ጫካ ውስጥ የሚለቀም ነው። ኢሉባቦር ለዓለም ገበያ የቀረበችው በዱር ሀብቷ ነበር ማለት ነው። የከተማው ነጋዴ አተረፈ፣ ሹሙም ቀረጡን ወሰደ። ሰሙን የቆረጠው፣ ቡናውን የለቀመው ሰው ግን ግብሩን ከፍሎ በተረፈው ጨው ገዝቶ ቤቱ ገባ።

የጥርኝ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ይህቺ የሌሊት አውሬ ከጫካ ተይዛ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ትታጎራለች፤ ዝባዷ በየጥቂት ቀኑ ይታለባል (ትታለባለች የምለው በልማድ ነው እንጂ የሚያዘው ወንዱ ነው)፤ በከብት ቀንድ ውስጥ ታሽጎ ይሸጣል። መጨረሻው የፈረንሳይ ሽቶ ፋብሪካ ነው። ኢሉባቦር ከጥንት ጀምሮ ከሚታወቁት የጥርኝ አርቢ አካባቢዎች አንዷ ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የውጭ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች አውሬው የሚያዝበትን ሁኔታ ባጋለጡ ጊዜ ገበያው ክፉኛ ተናጋ። ስለ አውሬው ያሉት ትክክል ነበር፤ ያ ጎጆ ለማየትም ይከብዳል። ግን ገበያው ሲወድቅ መጀመሪያ የተመታው ሽቶ ቸርቻሪው ሳይሆን ገበሬው ነው።

ስለ ጉሬዛም አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1835 ይህን ጥቁርና ነጭ እንስሳ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ እኛው የምንጠራበትን ስም ይዞ ሄደ። ዛሬ በየትኛውም ዓለም ያለ የእንስሳት ተመራማሪ «ጉሬዛ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ስሙ ከእኛ ሄዶ የዓለም ሆኗል። እንስሳው ራሱስ እስካሁን በሶርና በያዩ ዛፎች ላይ እንዴት ቆየ? ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

የኢሉ ኦሮሞ «ቆቦ» የሚለው ሥርዓት ነበረው። ከእናንተ ውስጥ ከያዩ፣ ከሁሩሙ፣ ከአልጌ የመጣችሁ ከአያት ከቅድመ አያት ሳትሰሙት አትቀሩም። አንድ ሰው ማንም ያልያዘውን ጫካ ቀድሞ ሲያገኝ ድንበሩን ይለያል፤ ወንዝ፣ ሸንተረር ወይም ታላቅ ዛፍ ምልክቱ ይሆናል። ቀፎውን ይሰቅላል። ከዚያ በኋላ ያ ጫካ የእሱ ቆቦ ነው፣ እሱም አባ ቆቦ ይባላል፤ ለልጆቹ ያወርሰዋል። ሌላ ሰው በዚያ ጫካ ቀፎ ልስቀል ካለ አባ ቆቦን ያስፈቅዳል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሚያዘው መሬት ለማረስ አይደለም። ለማር ነው። ማር ደግሞ አበባ ይፈልጋል፤ ገተማው፣ ብሳናው፣ ዋንዛው ቆሞ እንዲኖር ይፈልጋል። አባ ቆቦ ዛፍ የማይቆርጠው ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስልጠና ወስዶ አይደለም። ገተማው ከተቆረጠ ያ ነጭ ማር የለም፣ በቃ። ዛፉ በቆየበት ቡናው ጥላ አገኘ፣ ጉሬዛውም የሚዘልበት ቅርንጫፍ አላጣም። ማንም ስለ ጉሬዛ አላሰበም፤ ጉሬዛው ግን ተረፈ።

ቆቦን ገነት አድርጌ ልስልላችሁ አልፈልግም። ቀድሞ የመጣ ይዞ ኋላ የመጣ ለማኝ ይሆናል። ውርሱ የወንድ ልጅ ነበር፤ ሴቶች ልጆች የሉበትም። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ በላዩ ላይ መልከኛውና ግብሩ ተጭነውበታል። ሆኖም «ይህ ጫካ የማነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ በስም የሚጠራ ሰው ነበር።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለጭሰኛው የመጣለትን ነፃነት የሚያጣጥል አንደበት የለኝም። ጫካው ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ የሁሉም ሲባል የማንም ወደ መሆን አዘነበለ። ቀጥሎ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ወደ ኢሉባቦር መጥተው ሰፈሩ። እነሱም ወደው አልመጡም፤ ልጆቻቸውን አስተምሬያለሁ፣ የብዙዎቻችሁ ወላጆች ናቸው። ነገር ግን የገተማን ማር ለማያውቅ፣ ከረሃብ ለመጣ ሰው፣ ጫካ ማለት ገና ያልታረሰ ማሳ ነው። ማን ይፈርድበታል? ጫካውን በስሙ የሚጠብቅ አባ ቆቦም በሕግ ፊት አልነበረም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ ግንቦት 2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የያዩን የጫካ ቡና ከከፋ ጋር በአንድ ላይ የባዮስፌር ክልል አድርጎ መዘገበው። ስፋቱ 167,021 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ 27,733ቱ ምንም የማይነካው እምብርት ነው፣ 21,552ቱ ከለላ፣ የቀረው 117,736 ሄክታር ደግሞ ሰው የሚያርስበት፣ የሚኖርበት። ሂሳቡን ሥሩት፤ ከመቶ ሰባ እጁ ሰው ያለበት ነው። እዚህ ቦታ «ያልተነካ ጫካ» ብሎ ቱሪስት መጥራት ሰውየውን ከገዛ ቤቱ በወረቀት ማስወጣት ነው። ጫካው የተመዘገበውም የዓረቢካ ቡና የዱር ዘር በተፈጥሮ የሚበቅልበት ስለሆነ ነው፤ ዓለም ነገ ቡናው ሲታመምበት መድኃኒት የሚፈልገው ከዚህ ነው። በዚያው ያዩ የከሰል ድንጋይና የማዳበሪያ ፋብሪካ ተብሎ ደን ተመንጥሮ፣ ገበሬ ተነስቶ፣ ፋብሪካው ተጀምሮ የቀረበትንም ታሪክ ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም።

አሁን ወደ ቱሪስቱ። ለጎብኚ ዝንጀሮ ማየት ደስታ ነው። ለእኔ የዝንጀሮ ነገር የሚያስታውሰኝ የተማሪ ስም መጥሪያ መዝገብ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ከገጠር የሚመጡት ልጆች ይቀሩ ነበር። «የት ነበርክ?» ስል መልሱ አንድ ነው፦ «ዝንጀሮ እየጠበቅኩ።» ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማ። አባት ሌሊቱን ማማ ላይ ያድራል፣ ልጅ ቀኑን ወንጭፍ ይዞ ይውላል። የዱር እንስሳ ጥበቃ ዋጋ አለው ስንል ዋጋውን የሚከፍለው ይህ ቤተሰብ ነው። በከተማ የተመዘገበ አስጎብኚ ድርጅት መኪና ሞልቶ መጥቶ፣ ምሳውን ይዞ መጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ማታ መቱ ሆቴል ከገባ ለዚያ ልጅ ምን ቀረለት? የእንፋሎት ጀልባው እኮ ከዚህ የከፋ አልነበረም፤ ቢያንስ ጨው ያራግፍ ነበር።

በሌላ የአገራችን ክፍል የሆኑ ሁለት ነገሮችን አነጻጽሩ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከፓርኩ ተነስተው ወደ ደባርቅ ሰፈሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጣ። ለዋሊያው መልካም ዜና ነበር፤ ያ መንደር ግን ከተራራው ጠፋ። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሕዝቡ ሣሩን በስምምነት ዘግቶ፣ በስምምነት ከፍቶ ሲያጭድ ኖሯል። እሱንም 1967 አፍርሶት ነበር። የመንዝ ሰው ግን በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ አደሰው፤ ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚሄድ ሰው የሚያድረው በማኅበረሰቡ ማረፊያ ነው። ቄሮና ቆቦ አንድ አይደሉም፤ አንደኛው የጋራ ነው፣ ሌላው የቤተሰብ። የተመቱት ግን በአንድ ቀን ነው። አንዱ ተነስቷል፣ የእኛው ተረስቷል።

በቡናው በኩል ግን መንገዱ ተጀምሯል። የአካባቢና የቡና ደን ፎረም ከእንግሊዙ የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ጋር ሆኖ የያዩ ማኅበራት ጥራት ያለው የጫካ ቡና አዘጋጅተው በተሻለ ዋጋ ለእንግሊዝ ቆዪ እንዲሸጡ ረድቷል። ሐሳቡ የድሮው የአባ ቆቦ ሐሳብ ነው፤ ዛፉ ቆሞ ካበላኝ አልቆርጠውም። ጎብኚውም በዚሁ መንገድ ቢገባ ነው የምለው። መሪው የዚያው ቀበሌ ልጅ ይሁን፣ ክፍያውም ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ይታወቅ። ማሩን ከመቱ ሱቅ ሳይሆን ቀፎውን ከሰቀለው ሰው ግዙ። ቡና ሲለቀም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሂዱና ለቀማውን እዩ፤ ግን የሰው ቡና መሆኑን አትርሱ፣ ሳታስፈቅዱ አትግቡ። ለዝንጀሮ ሙዝና ብስኩት አትወርውሩ፤ እናንተ ያለመዳችሁት ዝንጀሮ ነገ የሚሄደው የዚያ ልጅ በቆሎ ላይ ነው። ጉሬዛን ለፎቶ ብላችሁ በፉጨትና በድንጋይ አታስሩጡት። ድሮን ይዞ የሚመጣውንም ምከሩት።

ይህን ስጽፍ አንድ ሥራ ልሰጣችሁ አስቤያለሁ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከእኔ የቤት ሥራ ገና አልተገላገላችሁም። በቤተሰባችሁ ቆቦ ነበረን የሚል ሽማግሌ ካለ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ቁጭ በሉና ጠይቁት። የቆቦው ስም ማን ነበር? ድንበሩ የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ዛፍ ነው? ዛፉ አሁን አለ? እዚህ ሥር ጻፉልኝ፣ አሰባስበዋለሁ። በኦሮምኛ ብትጽፉትም አነባለሁ።