ስድብና የወላጅ ዕዳ

ትምህርት ቤት ለሰው ልጅ ሁለተኛ ቤቱ ነው ይባላል። እውነት ነው። ዳሩ ግን በመጀመሪያው ቤት የተዘራው በሁለተኛው ቤት ይበቅላልና፣ በትምህርት ቤት ግቢ የምናየው መልካምም ሆነ ክፉ ነገር ብዙውን ጊዜ ሥሩ ከወላጅ ቤት ነው። ከክፉውም ነገር አንዱ ጉልበተኛው ተማሪ ደካማውን፣ ብዙዎቹ አንዱን፣ ነባሩ አዲሱን ነጋ ጠባ ማንገላታቱ ነው። ሁለት ልጆች በኳስ ተጣልተው ቢደባደቡና ወዲያው ቢታረቁ የልጅነት ጠባይ ነው፤ ያልፋል። አንድ ልጅ ግን በየዕለቱ በማይወደው ስም እየተጠራ፣ ደብተሩ እየተቀደደ፣ ምሳው እየተነጠቀ፣ የሚከላከልበት ጉልበትና የሚጮኽለት ወዳጅ ሲያጣ፣ ይህ ጠብ ሳይሆን ግፍ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ግፍ በአገራችን እንዴት እንደ ኖረ፣ ሕጉም ዕዳውን በማን ላይ እንደ ጫነ ታውቅ ዘንድ ታሪኩን ባጭሩ ልንገርህ።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በክርስቲያኑ ወገን የትምህርት ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፊደልና ዳዊት በመንደሩ ደብር ይማሩታል፤ ዜማና ቅኔ የሚሻው ልጅ ግን አባት እናቱን ትቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በየደጁ ከውሻ ጋር እየታገለ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር። በእስልምናውም ወገን ደረሳው እንዲሁ ከቤቱ ርቆ ይማር ነበር። ከየኔታ በታች ሥልጣን ያለው ነባሩ ተማሪ ነው፤ የፊተኛው የኋለኛውን ያስቀጽለዋልና። ሥርዓቱ መልካም ነበር፤ አያሌ ሊቃውንትንም አፍርቷል። ይሁን እንጂ ከወላጁ የራቀው ሕፃን ዕድሉ በነባሩ ጠባይ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ደግ ነባር ያጋጠመው ወንድም አገኘ፤ ክፉ ነባር ያጋጠመው ግን የሚያዝዘው ጌታ አገኘ። አባትም ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ቅጡልኝ» ብሎ ይመለሳል እንጂ «ማን ያጠቃው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ስለ ስድብ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ መጽሐፍ የሚጽፈው ደግሞ «ጠንቋይ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ሥራ የሚሠራ ሰው በሥራው ሲዋረድ፣ ሥራ የሌለው በዘሩ ይኮራ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህ ልማድ አገርን ባለሙያ የሚያሳጣ መሆኑን ተረድተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የአዋጁ ሐሳብ ሠራተኛውን የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል የሚል ነው፤ ቅጣቱም አንድ ዓመት እስራት ነበር።

በማግስቱ ዓመት በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። መጀመሪያ የገቡት በብዛት የመኳንንት ልጆች ነበሩ፤ እየዋለ እያደረ ግን በየስፍራው ትምህርት ቤት ሲከፈት የባላባቱ ልጅና የሸማኔው ልጅ፣ የነጋዴው ልጅና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በአንድ ወንበር መቀመጥ ጀመሩ። ይህ ለኢትዮጵያ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ንጉሡ በአዋጅ የከለከሉት ስድብ በልጆች አፍ ተሸሽጎ አብሮ ገባ። አዋጅ በአደባባይ ይነገራል፤ ስድብ ግን በምድጃ ዳር ይማሩታልና። አባት በእራት ሰዓት ጎረቤቱን በሥራው እየሰየመ ሲያላግጥ የሰማ ልጅ፣ በማግስቱ ያንኑ ስም በጎረቤቱ ልጅ ላይ ይለጥፋል።

የእኛን አገር እንይ። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ የጅባትና ሜጫ አውራጃም ዋና ከተማ ነበረች። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ ያም ትምህርት ቤት ከብዙ ለውጥ በኋላ የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መነሻ ሆነ። ትምህርት ፈላጊው ልጅ ከየገጠሩ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ጌዶ፣ ወደ ጊንጪ ይጎርፍ ጀመር። ቀዬው ሩቅ ስለ ሆነ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸውን ወላጅ በገበያ ቀን ይልክላቸዋል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ ይህ ተማሪ በኑሮው የድሮው የቆሎ ተማሪ ወንድም ነው፤ ገና ዐሥራ አራት ዐሥራ አምስት ዓመቱ ሲሆን ከወላጁ ዓይን ይርቃል። በዚያች ክፍል ውስጥ አንዱ ጉልበተኛ ከሆነ የደካማውን ስንቅ ይበላል፤ ልብሱን ያሳጥበዋል፤ ውሃ ያስቀዳዋል። ወላጅ የሚያውቀው ጤፉ መላኩን እንጂ ማን እንደ በላው አይደለም።

የቋንቋም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ትምህርቱ በአማርኛ ነበርና፣ በኦሮምኛ አፉን የፈታው ልጅ አንድ ቃል ቢሰናከልበት ክፍሉ ሁሉ ይስቅበት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአካባቢው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ሆነ፤ ይህም ብዙ ሕፃን ከሐፍረት አዳነ። አሁን ደግሞ ኦሮምኛው የሚሰናከልበት ልጅ ሲሳቅበት ይሰማል። ቋንቋው ተለወጠ፤ ሳቁ ግን አልተለወጠም። በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደውን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እናስብ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ፤ በአምቦም ተምሯል። ሁለት አፍ ያለው ልጅ ለአገር ምን እንደሚያተርፍ እርሱ ምስክር ነው። ዛሬ የምትስቁበት ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

አስተማሪ ሳለሁ ካየሁት አንዱን ልናገር። የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነ አንድ ጸጥተኛ ተማሪ በእናቱ ሥራ ስም ይጠሩት ነበር። ሲጠሩት ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ይብሱበታል። የስድቡ መሪ አባት ተጠርቶ ሲመጣ ሳቀና «ልጅ ለልጅ ቢሳደብ ምን ይሆናል? እኔስ ድሮ ስንቱን ሰድቤ አድጌ የለምን?» አለ። ልጁም አጠገቡ ቆሞ ይህን ሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ የትኛው ቅጣት ሊመልሰው ይችላል? ሸክላ ሠሪዋ ግን ልጅዋ ትምህርቱን እስኪተው ድረስ ነገሩን አልሰማችም፤ እርሱ አፍሮ አልነገራትም፤ የጠየቀውም አልነበረም። የአንዱ ወላጅ ሳቅና የሌላው ወላጅ አለማወቅ ተባብረው አንድ ተማሪ ከትምህርት ገበታ አስነሡ።

ያ አባት «ምን ይሆናል?» ያለው ሕጉን ሳያውቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በሌላው ላይ ጥፋት ሠርቶ ኃላፊነት ሲመጣበት አባቱ በሕግ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2125 ደግሞ ልጁ ከወላጅ ቤት ውጭ ሲኖር አደራ የተቀበለው ሰው፣ በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር ሲሆን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በአባቱ ፈንታ እንደሚጠየቁ ይናገራል። የሕጉ ጥበብ ይህ ነው፤ ልጁ በየትም ቢሆን ከኋላው አንድ ትልቅ ሰው መኖር አለበት ይላል። ከቤት ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ክፍል ሲሻገር አደራው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ መሬት ላይ አይወድቅም።

ይኸው ሕግ አባትና አስተማሪ ልጅን በልክ እንዲገርፉ ይፈቅድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ወሰነ። ይህም ለነገራችን ይጠቅማል። ኃይለኛው ደካማውን በዱላ ማስገበሩን ከትልልቆቹ ያየ ልጅ፣ ከእርሱ ያነሰውን ሲያገኝ ያንኑ ይደግማልና።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። የዓለም የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በጓደኞቹ እንደሚንገላታ ገልጿል። በኖርዌይ አገር በ1982 ሦስት ወንዶች ልጆች ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ምክንያቱም የጓደኞቻቸው ማንገላታት ሳይሆን እንዳልቀረ ታወቀ። አገሩ ደነገጠ፤ በማግሥቱም ዓመት መንግሥት በየትምህርት ቤቱ ዘመቻ አስነሣ። ዳን ኦልቬውስ የተባሉት ሊቅ በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች 2,500 ያህል ተማሪዎችን ተከታትለው፣ ግፉ በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳዩ። መድኃኒቱ ምን ነበር? በዕረፍት ሰዓት ግቢውን መጠበቅ፣ ለክፍሉ ግልጽ ደንብ ማውጣት፣ ይልቁንም የበዳዩንም የተበዳዩንም ወላጆች ጠርቶ በቁም ነገር ማነጋገር ነበር። እነሆ፣ ሩቅ አገርም ቢሆን መንገዱ ዞሮ ከወላጅ ደጅ ደረሰ።

እንግዲህ የወላጅ ሥራ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የተበዳይን ልጅ ማወቅ ነው። በማለዳ ሆዴን ራሴን የሚል፣ መንገድ የሚለዋውጥ፣ ልብሱ የሚቀደድ፣ ገንዘቡ የሚጠፋ፣ ከሰው የሚሸሽ ልጅ ምናልባት የሚናገረው ነገር አለውና በርጋታ ይጠየቅ። «አንተስ እጅ የለህም?» ተብሎ ከተመለሰ ሁለተኛ አይናገርም። ስንቅ የምትልኩም ወላጆች ከጤፉ ጋር ዓይናችሁን ላኩ፤ ቤት አከራዪቱንም አስተማሪውንም በየጊዜው ጠይቁ። ደግሞም ዛሬ ስድብ በትምህርት ቤት በር አይቀርም፤ በስልክ እስከ መኝታ ይከተላል።

ሁለተኛው ሥራ የበዳዩን ልጅ መመለስ ነው፤ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ካህኑ ዔሊ የልጆቹን ግፍ ሰምቶ በቃል ብቻ ተናገራቸው እንጂ አልከለከላቸውም፤ ስለዚህ ቤቱ ፈረሰ። በእኛም አገር ወደ መሰቀያው የሚወሰደው ሌባ ለእናቱ የተናገረው ተረት ሆኖ ቀርቷል፤ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» ብሏታል። በእንቁላሉ ጊዜ መቅጣት ማለት ግን መግረፍ ብቻ መስሎ አይታየን። ልጁን ይዞ ወደ ተበደለው ቤት መሄድ፣ ይቅርታ ማስጠየቅ፣ የቀማውን ማስመለስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የራስን ምላስ መግታት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና።

ለእናንተ ለወጣቶቹም የምለው አለኝ። ወላጆቻችሁ ያወረሷችሁን ሁሉ መቀበል ግዴታችሁ አይደለም። መሬቱንና ቤቱን ውረሱ፤ ስድቡን ግን አትውረሱ። ጓደኛችሁ ሲዋረድ ካያችሁ አትሳቁ፤ የጉልበተኛው ግማሽ ኃይል የተመልካቹ ሳቅ ነው። የተጠቃውን አጠገቡ ቁሙለት፤ ለአስተማሪም ተናገሩ፤ ይህ ነገር ማዋሰድ ሳይሆን ሰው ማዳን ነው። አንተም የምትበደለው ዝም አትበል፤ ሐፍረቱ የበዳይህ እንጂ የአንተ አይደለምና ለእናትህ ወይም ለአባትህ ንገር። ነገ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ወላጆች ትሆናላችሁ። በዚያን ጊዜ አስተማሪ ሲጠራችሁ «ምን ይሆናል?» ብላችሁ ከመሳቅ፣ ልጃችሁን አስከትላችሁ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት የምትሄዱ ያድርጋችሁ።