ስካርን በመንገድ ዳር ስለ መመርመር፤ ታሪኩና ታማኝነቱ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚወስደው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የፎገራ ሜዳ ሩዝም ከእንጀራው ሌላ ለጠላና ለአረቄ ይውላል። መጠጥና መንገድ በሚገናኙበት በእንዲህ ያለ ስፍራ ፖሊስ የነጂውን መስከር በምን ያውቃል? በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ይህንን ነው።

ቀድሞ ማስረጃው የአፍ ሽታ፥ የዓይን መቅላትና መንገዳገድ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ኖርዌይ በደም ውስጥ ለሚገኝ አልኮል የሕግ ወሰን አወጣች። በ1954 አሜሪካዊው ሮበርት ቦርከንስታይን ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። በ1977 ደግሞ ማርሴሊን በርንስና ኸርበርት ሞስኮዊትዝ ለአሜሪካ መንግሥት ባቀረቡት ጥናት ሦስት የመንገድ ዳር ፈተናዎችን መረጡ። እነርሱም የሚንቀሳቀስ ነገር ሲከተል የዓይንን መንቀጥቀጥ ማየት፥ ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ በቀጥታ መስመር ሄዶ መመለስና በአንድ እግር መቆም ናቸው።

ነገር ግን በዚያው ጥናት ፖሊሶቹ «ይያዙ» ካሏቸው ሰዎች ከመቶው 47ቱ በደማቸው የተገኘው አልኮል ከ0.10 በመቶ ወሰን በታች ነበር። በ1981 ጥናቱ ሲደገም ስሕተቱ ወደ 32 ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሽማግሌ፥ እግሩን የታመመ ወይም የውስጥ ጆሮ ሕመም ያለበት ሰው ሳይጠጣም ይንገዳገዳል፤ መጠጥ የለመደ ግን ወሰኑን አልፎም ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። ከዚህም በላይ የመራመዱ ፈተና ደረቅና ደልዳላ መሬት ይሻል፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሲጨቀይ ይህ ከወዴት ይገኛል? የጠጣውን በብርጭቆ መቁጠርም አይረዳም፤ የጠላና የአረቄ ኃይል እንደ ጠማቂውና እንደ አውጪው ይለያያልና።

በአገራችን ጠጥቶ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። ክልከላው ተገቢ መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም በዓይን ግምት ብቻ ከተፈረደ ንጹሑ ነጂ እንጀራውን ያጣል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጠጪም ተሳፋሪዎቹን ይዞ ያልፋል። ስለዚህ የዓይን ፈተና ነጂውን አቁሞ ትንፋሹን ለመለካት በቂ ምክንያት ይሁን እንጂ ፍርድ አይሁን እንላለን።