በመርፌ የተገዛ መሬት

ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ ብርድ ልብስ መሥራት ከድህነት ጋር ሲያያዝ ኖሯል። እኛም ዘንድ «ድሪቶ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ችግር ነው። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት ዊልኮክስ በተባለ ወረዳ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ግን ከዚሁ ሥራ ማኅበር አቁመዋል።

ሴቶቹ ቀን በሰው መሬት ጥጥ ሲለቅሙ ይውሉና ካረጀ የሥራ ልብስ ለልጆቻቸው ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። በ1960ዎቹ ለመምረጥ በመመዝገባቸው ብቻ ባለመሬቶች ከቤታቸው ያስወጧቸው ቤተሰቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ፍራንሲስ ዋልተር የተባሉ ቄስ ብርድ ልብሶቹ ኒውዮርክ ላይ በጨረታ እንዲሸጡ ረዱ፤ ሴቶቹም «ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ 23 ኤከር መሬት ገዝቶ የስፌት ማዕከል ሠራበት፤ ከመሬቱም ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ቦታ ሸጠላቸው።

ገበያው ግን የራሱን መልክ ጠየቀ። መደብሮች መጠኑም ንድፉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ፈለጉ። በ1972 ሲርስ የተባለው ድርጅት የከረዘዝ ጨርቅ የትራስ ልብስ አዘዘ። ሴቶቹ ትእዛዙን እየሰፉ፣ ትርፍራፊውን ወደ ቤት ወስደው ልባቸው እንዳለ ገጣጠሙት። እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት የጊስ ቤንድ መንደር ሥራዎች መካከል ከዚሁ ጨርቅ የተሰፉ ነበሩ።

ማኅበሩ በ2012 ተዘግቷል። ለገበያ ለምንሰፋ እኅቶች ግን ታሪኩ ይጠቅመናል፦ ትእዛዙ እንጀራ ይሰጣል፤ የእጃችንን መልክ የምናቆየው ግን ለራሳችን በምንሰፋው ነው።