ኮክሊየር ኢምፕላንት፦ ከመወሰናችሁ በፊት ታሪኩን እወቁ



ከቀየት፣ በአጠቃላይም ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ወላጆች ተደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጃችን አይሰማም። ጆሮ ውስጥ የሚተከል መሣሪያ አለ ሲባል ሰማን። በሬውንም በጉንም ሸጠን፣ ከዘመድም ተበድረን ብናስተክልለት ይሰማል ወይ?»

ይህ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» ብቻ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከምክሩ በፊት ታሪኩን ላስቀድም። መሣሪያው ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ የተረዳ ወላጅ፣ ምን ተስፋ ማድረግ እንዳለበትና ምን ተስፋ ማድረግ እንደሌለበት አይጠፋውም።

ጆሯችን እንዴት ይሰማል?

ድምፅ የጆሮን ታምቡር ይመታል፣ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ንዝረቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ኮክሊያ የሚባል፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ክፍል አለ። እዚያ ያሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ፀጉር መሰል ሴሎች ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ቀይረው ለመስማት ነርቭ ያቀብላሉ፤ ነርቩም ወደ አንጎል ያደርሳል።

ብዙ ጊዜ ከባድ የመስማት ችግር የሚመጣው እነዚህ ሴሎች ሲጎዱ ነው። አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ነርቩ ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። የኮክሊየር ኢምፕላንት ታሪክ በሙሉ ከአንድ ሐሳብ የተነሣ ነው፤ «ሴሎቹን አልፈን ነርቩን ራሳችን ብንቀሰቅሰውስ?»

ከቮልታ እስከ ፓሪስ

የመጀመሪያው ሙከራ የሆነው ዛሬ ባትሪ የምንለውን ነገር በፈጠረው ጣሊያናዊ በአሌሳንድሮ ቮልታ ነው። ከባትሪው ጋር የተያያዙ ብረቶችን በሁለት ጆሮዎቹ ከትቶ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ ምት ያለ ነገር እንደተሰማውና ወፍራም ነገር ሲንተከተክ የሚመስል ድምፅ እንደሰማ እ.ኤ.አ. በ1800 ጽፏል። አደገኛ መስሎ ስለታየው አልደገመውም። እናንተም እንዳትሞክሩት!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተኛ። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1957 በፓሪስ ዡርኖ የተባለ ተመራማሪና ኤሪየስ የተባለ ቀዶ ሐኪም በሁለቱም ጆሮዎቹ መስማት ላቆመ አንድ ሰው የመስማት ነርቩ አጠገብ ሽቦ ቀበሩለት። ሰውየው እንደ ፌንጣ ጩኸት ያለ ድምፅ ሰማ፤ በልምምድም ጥቂት ቃላትን ለየ። ንግግርን ግን መከታተል አልቻለም፤ መሣሪያውም ብዙ ሳይቆይ ተበላሸ።

የዚህን ሥራ ዜና ለአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ለዊልያም ሀውስ ያደረሰው አንድ ታካሚው ነው። ሀውስ እ.ኤ.አ. በ1961 በሎስ አንጀለስ የራሱን ሙከራ ጀመረ። ብዙ ሳይንቲስቶች «አንድ ሽቦ ሺህ ሴሎችን ሊተካ አይችልም፤ ታካሚን ማታለል ነው» እያሉ ተቃወሙት። በከፊል ልክ ነበሩ፤ በአንድ ሽቦ ብቻ የሚሠራው መሣሪያ የበርና የመኪና ድምፅ ያሰማል፣ ከንፈር ለማንበብም ይረዳል፤ ንግግርን ጥርት አድርጎ ግን አያሰማም። ቢሆንም ሀውስ አላቆመም። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1984 ለአዋቂዎች በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ተፈቀደ።

የሣር ቀጭን ጫፍ

ንግግርን ለማሰማት ብዙ ኤሌክትሮዶች ያስፈልጋሉ፤ እነሱን ደግሞ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮክሊያ ውስጥ ሳይጎዱ ማስገባት ከባድ ነበር። በአውስትራሊያ ይህን የፈታው ግራም ክላርክ ነው። አባቱ መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ፣ ጆሯቸው በደንብ አይሰማም ነበር፤ ልጅየው የአባቱን ችግር እያየ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሕር ዳርቻ ላይ ሆኖ የቀንድ አውጣ ዛጎል አንሥቶ የሣር ዘለላ ሲያስገባበት፣ ጫፉ ለስላሳ ሥሩ ጠንከር ያለ ሣር ሳይሰበር ዞሮ እንደሚገባ አየ። ጓሳ አጭዳችሁ ገመድ የገመዳችሁ የመንዝ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሥዕል አያስፈልጋችሁም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በቪየና ኢንጌቦርግና ኤርቪን ሆክማየር የተባሉ ባልና ሚስት መሐንዲሶች የሠሩት ባለብዙ ኤሌክትሮድ መሣሪያ ተተከለ። ክላርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1978 በሜልቦርን የመጀመሪያውን ታካሚውን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ባለብዙ ኤሌክትሮዱ መሣሪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ለአዋቂዎች፣ በ1990 ደግሞ ከ2 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ተፈቀደ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተተክሏል።

ልብ በሉ! የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮድ ገደማ አላቸው፤ የተኩት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎችን ነው። ስለዚህ መሣሪያው የተፈጥሮን ጆሮ አይመልስም። አዲስ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ አንጎል ያንን ድምፅ ቋንቋ አድርጎ መማር አለበት።

በዚያው በ1957፣ በአክራ

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገረውን የታሪኩን ሌላ ገጽ ልንገራችሁ። በፓሪስ ሽቦው በተቀበረበት በዚያው በ1957 አንድሪው ፎስተር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በጋና፣ አክራ ከተማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ፎስተር ራሱ በ11 ዓመቱ በማጅራት ገትር ምክንያት መስማት አቁሟል። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመረቀ፤ በሕይወት ዘመኑም በ13 የአፍሪካ ሀገሮች 32 ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። ያስተማረው በምልክት ቋንቋ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላን የተሰበሰቡ መምህራን «ልጆቹ በአፍ ብቻ ይማሩ፤ ምልክት ይቅር» ብለው ወስነው ነበር። በብዙ ሀገሮች ልጆች በእጃቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ፤ ከንፈር ማንበብ ያልቻሉት ያለ ምንም ቋንቋ አደጉ። የዚያው ጉባኤ ተተኪ በዚህ ውሳኔ መጸጸቱን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ!

በ1990 ኢምፕላንት ለልጆች ሲፈቀድ መስማት የተሳናቸው አሜሪካውያን ማኅበር አጥብቆ የተቃወመው ለዚህ ነበር፤ «ዳግመኛ ቋንቋችንን ሊነጥቁን ነው» ብለው ፈሩ። በ2000 ግን አቋማቸውን አሻሽለው መሣሪያው ለቤተሰብ ከቀረቡት አማራጮች አንዱ መሆኑን ተቀበሉ።

በእኛስ ሀገር?

በአዲስ አበባ መካኒሳ ያለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ ዓ.ም. በውጭ ሚሲዮናውያን ተጀመረ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ የሆሳዕናው ትምህርት ቤት ተከተለ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም በዚህ መካከል ተመሠረተ። የራሳችን የጣት ፊደልም አለን። የእጅ ቅርጹ ተነባቢውን ያሳያል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ሆሄያት ይለያል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ በእጅ ይቆጠራል ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ስታዩዋቸው የሚነግሯችሁ አንድ ነገር ነው። ልጅን በጣም የሚጎዳው ያለ ቋንቋ መቆየቱ ነው። የልጅ አንጎል ቋንቋን የሚቀበልበት የተመቸ ጊዜ አለው፤ ያ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ሲወለድ ጀምሮ ለማይሰማ ልጅ ኢምፕላንት የተሻለ የሚሠራው ከ3 ዓመት ተኩል በፊት፣ ከተቻለም ከዚያ ቀደም ብሎ ሲተከል ነው። ከ7 ዓመት በኋላ ግን በድምፅ ቋንቋ የመማር ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ንግግር ከለመደ በኋላ መስማት ያቆመ አዋቂ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንጎሉ ድምፅን ስለሚያውቅ በትልቅ ዕድሜም ብዙ ሊጠቀም ይችላል።

ስለዚህ ምን ላድርግ?

1. ቶሎ አስመርምሩ። የድስት ክዳን ወድቆ ሲጮህ የማይደነግጥ ሕፃን፣ በ6 ወሩ ወደ ድምፅ የማይዞር፣ በዓመቱ «ማማ፣ ባባ» የማይል ልጅ መመርመር አለበት። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እያላችሁ አትጠብቁ። ከጤና ጣቢያችሁ ጀምራችሁ ሪፈር ይዛችሁ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል ወዳላቸው እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ሂዱ።

2. ጸበሉንም ምርመራውንም አብራችሁ አስኪዱ። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ መሄዳችሁን ማንም ሐኪም ሊከለክላችሁ አይገባም። ግን የጸበሉ ዓመታት የምርመራውን ዓመታት አይብሉባችሁ። ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂና የመሳሰለውን ግን ጆሮ ውስጥ አትጨምሩ።

3. ማጅራት ገትር ከሆነ አትዘግዩ። ከዚህ በሽታ በኋላ ኮክሊያው ውስጥ አጥንት ሊሞላና መሣሪያው የሚገባበት መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ልጃችሁ ከማጅራት ገትር ከዳነ በኋላ በሳምንታት ውስጥ መስማቱ ይመርመር።

4. መጀመሪያ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ይሞከር። በጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው መሣሪያ በቂ የሚሆንላቸው ብዙ ልጆች አሉ። ኢምፕላንት የሚታሰበው ችግሩ በጣም ከባድ ሆኖ ይህ ሳይረዳ ሲቀር ነው። ነርቩ ራሱ ከሌለ ደግሞ ኢምፕላንት አይሠራም፤ ለዚህ ነው ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን የሚታዘዘው።

5. ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። መሣሪያው የሚከፈተው ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት በኋላ ነው፤ ማን ይከፍትልናል? ማንስ በየጊዜው ያስተካክለዋል? የንግግር ሥልጠና የት እናገኛለን፣ ለስንት ዓመት? ባትሪው፣ ገመዱ፣ የውጭው ክፍል ሲበላሽ ከየት ይመጣል፣ በስንት? መብራት በሌለበት ቀበሌ በምን እንሞላዋለን? ወደ ውጭ ሀገር የምትሄዱ ከሆነ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ የሚከታተላችሁ ማን እንደሆነ ሳታውቁ አትሂዱ። ቀዶ ሕክምናው የሰዓታት ነው፤ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው።

6. አደጋውንም እወቁ። የቁስል ማመርቀዝ፣ ማዞር፣ አልፎ አልፎ የፊት ነርቭ ጉዳትና ማጅራት ገትር ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የኒሞኮካል ክትባት መሟላቱ ይረጋገጥ።

7. ብትተክሉም ባትተክሉም የምልክት ቋንቋ ጀምሩ። ወረፋ ወይም ገንዘብ እየጠበቃችሁ ልጁ ያለ ቋንቋ አይቀመጥ። እናትና አባት፣ ወንድምና እኅት አብረው ይማሩ። መሣሪያው የሠራለት ልጅ እንኳ ሲታጠብ፣ ሲተኛ፣ ባትሪው ሲያልቅ አይሰማም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጅ ሳይሰማ መወለዱ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አይደለም። ሰባት ቤት ቆጥረው የተጋቡ፣ ራሳቸው በደንብ የሚሰሙ ወላጆችም መስማት የተሳነው ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። ኢምፕላንት ማስተከል ያልቻለ ወላጅም ልጁን አልበደለም። ልጁን ከሰው ሸሽጎ፣ «ምንም አይገባውም» ብሎ ማእድ ቤት ወይም በግ ጥበቃ ላይ ብቻ ያስቀረው ነው የበደለው። ፎስተርን አስታውሱ፤ በ11 ዓመቱ መስማት ያቆመ ልጅ ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ የልጃችሁን ዕድሜ፣ ችግሩ መቼ እንደጀመረና የተደረገለትን ምርመራ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እናንተ የሰማችሁ ደግሞ ላልሰሙት ወላጆች አሰሙ።