የጣና ውኃ ኪራይ እና የባለቤትነት ጥያቄ

የወንዝ ውኃ በጎረቤት አገሮች መካከል በዋጋ ይሸጥ፣ ይለወጥ የሚለው አሳብ ሲነሣ አዲስ ግኝት የሚመስለን ብዙዎች ነን። ታሪካችን ግን ሌላ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የዓባይንና የጣናን ውኃ የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ተዋዋሉ፤ ውሉ የውኃውን ዋጋ አያነሣም። በ1925 እንግሊዝና ኢጣልያ ስለ ጣና ከጀርባችን ሲስማሙ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። በአቤቱታ ብቻም አልቆሙም። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው፣ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ውጥኑ ግልጽ ነበር፦ ግድቡን ኢትዮጵያ ታሠራለች፤ የሱዳን የጥጥ እርሻ ለሚወስደው ውኃ ይከፈላታል።

በ1929 ግን እንግሊዝና ግብፅ የዓባይን ውኃ ያለ እኛ ደለደሉት፤ ለግብፅ 48፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። በ1935 የኢጣልያ ወረራ ደግሞ የጣናን ውጥን አስቀረው። በነጻ የሚያገኘውን ማን ይገዛል?

ገበያው በሌላ ሥፍራ ሠምሯል። ሌሶቶ በ1986 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተዋውላ ውኃዋን እስከ ዛሬ ትሸጣለች። ነገር ግን ፈራሚው በዚያው ዓመት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ ወታደራዊ አገዛዝ ነበር፤ የሥራው ዋና ኃላፊም በ2002 በጉቦ ተፈርዶበታል።

እንግዲህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ባለቤትነት መታወቅ አለበት፤ በባለቤቱ ስም የሚፈርመውም ለሕዝቡ መልስ የሚሰጥ ሊሆን ይገባል። የሕዳሴው ግድብ በ2025 ተመርቋል። በዓባይ ላይ ወደፊት ለሚፈረመው ውል ሁሉ ይህን መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።