ከሪቨር ሮድ እስከ 9 ቁጥር ማታቱ

ናይሮቢ፣ ሉቱሊ ጎዳና ላይ የስቱዲዮ ስፒከር የሚያማርጥ ወጣት ሳይ እሰጋለሁ። ሻጩ ቤዙን ከፍ አድርጎ ያሰማዋል፤ ልጁም ደረቱን ሲመታው ደስ ይለዋል። ሞኒተር የሚባለው ይህ የስቱዲዮ ስፒከር ግን የሚገዛው ጥፋታችንን እንዲነግረን ነው።

ይህች ከተማ ነገሩን ቀድማ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቻርልስ ዎሮድ ኢኳተር ሳውንድ ፋዲሊ ዊሊያምንና ዳውዲ ካባካን ይቀዳ ነበር። ኋላም ሪቨር ሮድ የሸክላና የካሴት ንግድ መናኸሪያ ሆነ። አድማጩ ግን ያን ሙዚቃ የሚሰማው በትንሽ ሬዲዮና በመጠጥ ቤት ማጫወቻ ነበር። እዚያ ላይ ካላማረ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ማማሩ ምን ይጠቅማል?

ያማሃ ኤንኤስ-10 የተባለችውን ስፒከር ያስወደደውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ማዳመጫ ወጣች፤ ቤዝ አነሳት፣ ገበያም አልቀናትም። የሰው ድምፅ የሚያርፍበትን መካከለኛውን ክልል ግን ያለ ርኅራኄ ታጋልጣለች። የስቱዲዮ ባለሙያዎች ወሰዷት፤ ምርቷ እ.ኤ.አ. በ2001 እስኪቆም ድረስ ነጭ የወረቀት ኮኗ ያልታየበት ትልቅ ስቱዲዮ ጥቂት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ኮምፒውተር ስቱዲዮን ወደ መኖሪያ ሰፈር አመጣው። ጌንጌ የተባለው የናይሮቢ ራፕ ቤት የሆነው የፕሮዲውሰሩ የክሌሞ ካሊፍ ሬከርድስ ስሙን ያገኘው ከኢስሊ አጠገብ ካለው ካሊፎርኒያ ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲህ ፈተናው ክፍሉ ሆነ። ግድግዳ ከግድግዳ 3 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ ግድግዳው ጋ ያብጣል፣ መሃሉ ላይ ይጠፋል። እኔም ኢስሊ ውስጥ እንዲህ ባለ ክፍል ባለ 8 ኢንች ስፒከር አስገብቼ መሃል ላይ ተቀመጥሁ። ቤዙ አነሰኝና ጨመርሁ፤ ዘፈኑ ማታቱ በሚባለው የከተማው ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ግጥሙ ተዋጠ። ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት የእንቁላል ካርቶንም ለቤዝ አንዳች አልፈየደም።

ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሄድፎን ይግዛ። ሄድፎን ክፍል አያውቅም፤ ጎረቤትም አይቀሰቅስም። ድምፃዊ ለመቅዳት ዝግ ዓይነቱ ይሻላል፤ ምቱ ወደ ማይክ አያመልጥም። ለሚክስ ደግሞ ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 በኤችዲ 414 የጀመረው ክፍት ዓይነት ጆሮ አያደክምም። ለሁለቱም አንድ ብቻ መግዛት የሚችል እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለውን የሶኒ ኤምዲአር-7506 ይፈልግ፤ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነውና ከማያውቁት ሻጭ አይግዛ። ዓመታት ሲቆይ ትራሱ እየተላጠ ጆሮ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ይተዋል፤ ያኔ ትራሱን ብቻ መለወጥ ይበቃል።

ሄድፎንም ጉድለት አለው። ቀኝ ጆሮ የግራውን ስለማይሰማ ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጣል፤ የግራና የቀኙ ስፋት ያታልላል። ገንዘብ ሲገኝ ባለ 5 ኢንች ሞኒተር በጆሮ ከፍታ፣ ከማዕዘን አርቆ ማቆም ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ስፒከር የኬንያን 240 ቮልት አይችልም።

አሁን ሚክስ ስጨርስ ፍላሽ ላይ ገልብጬ 9 ቁጥር ማታቱ እሳፈራለሁ። ሾፌሩ እሺ ካለኝ ይከፍትልኛል፤ እኔ የኋላው ወንበር ላይ ነኝ። ዘፋኙ የሚለው እያንዳንዱ ቃል እዚያ ድረስ ከደረሰኝ ሥራውን ለባለቤቱ እልካለሁ።