ከግጦሽ ወደ መረብ
የፊንጫ ዓሣ አጥማጆች ታሪክ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ዓሣ ማጥመድ ከእርሻም ከከብት እርባታም በዕድሜ ይቀድማል። ይሁን እንጂ በሬና ማረሻ የኑሮ ምሰሶ በሆኑበት በኢትዮጵያ ደጋ አጥማጅነት እንደ ሙያ ሳይከበር ለብዙ ዘመን ኖሯል። በወለጋም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከነቀምት በስተደቡብ ዴዴሳ፣ በስተሰሜን አንገር ዓሣ ሳያጡ ይፈሳሉ። የወንዝ ዳር ሰው በመንጠቆ ያወጣል። በምዕራብና በደቡብ የአገራችን ክፍል እንደተለመደውም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃው ላይ በመበተን ዓሣውን የማደንዘዝ ጥንታዊ ዘዴ አለ። ኦሮሞው ቁርጡሚ የሚለው ይህ ፍጡር ግን ከወተትና ከሥጋ እኩል አይታይም ነበር።

ዓሣን ከሩቅ አገር አምጥቶ በደጋ ውሃ ማራባት በኢትዮጵያ ሁለት መልክ ይዟል። የመጀመሪያው ለመዝናኛ ነው። ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ በ1905 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ወንዞች የገባው የእንግሊዝ ሰፋሪዎች የአገራቸውን ጨዋታ እንዲጫወቱበት ነበር። በ1960 ዓ.ም. ገደማም ከኬንያ ወደ ባሌ ተራሮች፣ ወደ ወይብና ወደ ዳንካ ወንዞች ተሻገረ። ላባና ክር በመንጠቆ ላይ ጠምጥሞ፣ ዝንብ አስመስሎ በውሃው ፊት የሚጥል አጥማጅ የሚሻው ይህንኑ ዓሣ ነው።

የወለጋው ታሪክ ግን የጨዋታ ታሪክ አይደለም። በሆሮ ጉዱሩ፣ ከሻምቡ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ጮመን የተባለ ሰፊ ረግረግ ነበር። በዙሪያው ያለው ሜዳ ስመ ጥሩ የሆነው የሆሮ ከብት የሚሰማራበት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የፊንጫ ግድብ ሲጠናቀቅ ውሃው ከ230 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ሸፈነ፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ የግጦሽ መሬት ነበር። ከገደሉ ሥር ከወደቀው ውሃ የመነጨው ኃይል ለአዲስ አበባ መብራትና ለፋብሪካዎች ሞተር ሆነ። ሜዳውን ያጣው ገበሬ በበኩሉ ወደ ተዳፋቱ ወጥቶ አረሰ፤ የታረሰውም ተዳፋት አፈሩን መልሶ ወደ ሐይቁ ለቀቀ።

በኋላም በሐይቁ ቆሮሶና ካርፕ ተራቡ። ትናንት በሬ ይነዳ ከነበረው ቤተሰብ የተወለደ ወጣት ጀልባ መቅዘፍ፣ መረብ መጠገን፣ የነፋስን አቅጣጫ መለየት ተማረ። ማንም ያላወረሰውን ሙያ ከውሃው ራሱ ቀሰመ ማለት ይቻላል።

የዚህ ሥራ መልካም ወቅት መፀው ነው። መስከረም ጠብቶ ደመናው ሲገፈፍ፣ ብራ ሲገባ፣ የእሬቻ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ለምስጋና ወደ ውሃ ዳር ይወርዳል። በክረምቱ ጎርፍ የሞላው ሐይቅም ቀስ በቀስ ይጠራል። አጥማጁ ማታ የዘረጋውን መረብ በማለዳ ይስባል፤ የያዘውም ለሻምቡ፣ ለነቀምትና ለሌሎች ከተሞች ገበያ ይቀርባል።

ነገር ግን እንደ ሜዳው ሁሉ ሐይቁም ሊጠፋ ይችላል። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ናት። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ጫጩቱንም ሳይለይ ጠራርጎ ሲያወጣ፣ ወይም እናቲቱ ከነልጆቿ ስትያዝ፣ የሚጠፋው የነገ ምርት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የዚህ ሀብት አያያዝ በሕግ እንዲመራ ደንግጓል። ሆኖም ሕግ ሊጸና የሚችለው ሐይቁን የእኔ ነው የሚል ሰው በዳርቻው ሲኖር ነው። መሬቱ ያለፈቃዱ በውሃ የተወሰደበት ሕዝብ ይህን ቃል በሙሉ አፉ እንዲናገር፣ በሐይቁ አጠቃቀም ላይ ድምፁ መሰማት ይኖርበታል።

ስለ ፊንጫ በተነገረ ቁጥር የሜጋዋቱ ብዛት ይጠቀሳል፤ የግድቡም ቁመት ይወሳል። ጮመን ሜዳ ላይ ከብት ያገደው አባትና በዚያው ቦታ ላይ ጀልባ የሚቀዝፈው ልጅ ግን ገና በመድረክም በሸራም ተገቢውን ቦታ አላገኙም። መምህሩ ለተማሪዎቹ፣ ሠዓሊው በቡርሹ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ በብዕሩ ይህን ታሪክ ሊያነሣው ይገባል። የሜዳውን መልክ በዓይናቸው ያዩት አረጋውያን ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነውና።